መሰላልና መጥረጊያ

ምርጫ በደረሰ ቁጥር የልብስ ሰፊዋን ሱቅ መፈክር ይውጠዋል። ወንበሩ ላይ መፈክር፣ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ መፈክር፣ እናቷ ጋደም የሚሉበት ፍራሽ ላይ ሳይቀር መፈክር። ጨርቁን ጽፈው ያመጡላታል፤ እሷ ጠርዙን ትቀመቅማለች፣ አራቱ ጫፎች ላይ ማሰሪያ ትሰፋለች። የምርጫ ምልክታቸው መሰላል የሆነውም ይመጣሉ፣ መጥረጊያ የሆነውም ይመጣሉ። እሷ እንደሆነች ነፍስ ካወቀች ጀምሮ የመሰላል ሰው ናት። የመጥረጊያዎቹን ስትሰፋ ስፌቷ አይዛነፍም፤ አፏ ግን አያርፍም።

«እስቲ ይኼን ስሚልኝ እማዬ! ‹መብራት ለየመንገዱ› ይላል። ባለፈውም ይኼንኑ ሰፍቼላቸው ነበር። ጨርቁ አርጅቶ ተቀደደ፣ መንገዱ እንደሆነ ያው ድቅድቅ ነው!»

«መንገዱን ተይውና የኛን ቤት እዪ» አሉ እናቷ። «ሌት ተቀን ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። አንድ ቧንቧ ሠራተኛ ጠርተሽ አትገላግይኝም?»

«ጊዜ ሳገኝ አስጠግነዋለሁ።»

«አምስት ዓመት ሙሉ ጊዜ አጣሽ? መንግሥት እንኳ ጊዜው አልቆ ሌላ ሊመረጥ ነው እኮ!»

ልብስ ሰፊዋ መልስ አላጣችም። መልስ አጥታም አታውቅም፤ ሰፈሩ «ፓርላማ» የሚላት በከንቱ አይደለም። ግን ማሽኗን ጠንከር አድርጋ ነዳችው።

ያንን ቧንቧ መጀመሪያ የሠራው አንድ ወጣት ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ግማሽ አካሉን ከመታጠቢያው ሥር አስገብቶ ሲሠራ፣ በሬዲዮ ዕጩዎች ይከራከሩ ነበርና እሷ «ልክ ነው! ንገራቸው!» ስትል፣ ከታች «ውሸቱን ነው!» የሚል ድምፅ ወጣ። ፊቱን ሳታየው ነው የተጣላችው። ከሥር ወጥቶ፣ ግንባሩ ላይ ጭቃ፣ ዓይኑ ውስጥ ሳቅ ይዞ ቀና ሲል፣ ልትለው ያዘጋጀችው ሁሉ ከአፏ ጠፋ። የመጥረጊያ ሰው ነበር። ምን ታደርገዋለህ፤ ልብ የአባልነት መታወቂያ አይጠይቅም።

ባለፈው ምርጫ ዋዜማ ተስማሙ። «አንቺ ለመሰላል፣ እኔ ለመጥረጊያ። ድምፃችን ተጣፍቶ ዜሮ ሆነ ማለት ነው» አላት። «ታዲያ ለምን ፀሐይ ላይ እንሰለፋለን? ሁለታችንም እንቅርና ወንዝ ዳር እንዋል።» እሷም እሺ አለች፤ እኩለ ቀን ላይ ሊገናኙ ተቀጣጠሩ።

ጠዋት ግን ሐሳብ ገባት። እሱ ቃሉን አክባሪ ነው፤ መቅረቱ አይቀርም። እሷ ብቅ ብላ ብትመለስ ማን ያያታል? ለመሰላል አንዲት ትርፍ ድምፅ ናት። ሻርፕ ተከናንባ ሄደች። ሰልፉ ውስጥ ስትገባ ከፊቷ አንድ ጀርባ አየች። በጨለማ ብትዳስሰው የምታውቀው ጀርባ። ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ድረስ ደፍቶታል። ለካ እሱም ያንኑ አስቧል።

ሰልፈኛው ነገሩ ሲገባው በሳቅ ፈረሰ። እነሱም አብረው ቢስቁ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር።

«በዚህ ያታለልከኝ በትዳር ምን ልትሠራኝ ነው?»

«አንቺስ? ሻርፑ የጸሎት ነው?»

«ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላይ!»

እሷ በንዴት አለችው፤ እሱ ቃል በቃል ወሰደው። ሩቅ ከተማ ትልቅ የውሃ ሥራ ነበር፤ ሄደ። ቧንቧው መንጠባጠብ የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ባልዲ ከሥሩ አስቀመጠች። ሌላ ሰው እጁን ቢያሳርፍበት አንድ ነገር ለዘላለም የሚያበቃ መሰላት። ማታ ማታ ስትተኛ ጠብታውን ትሰማለች፤ መኝታው ውስጥ ሌላ የሚሰማ ነገር አልነበረም።

ምርጫው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጎረቤቷ ፀጉር አስተካካዩ ፎጣውን ትከሻው ላይ እንደጣለ በሩ ላይ ቆመ።

«ፓርላማ፣ የመጥረጊያው ሰውዬ መጥቷል።»

ማሽኑ መሮጡን አላቆመም። እሷም ቀና አላለችም። «የሚኖርበት አገር የምርጫ ኮሮጮ የለም?»

«እዚያ አልተመዘገበማ፤ እዚህ ነው የተመዘገበው። በምዝገባውም ሰሞን መጥቶ፣ እዚያ ምሰሶ ሥር ቆሞ አንቺን ሲያይ ቆይቶ ሄደ። ምን አገባኝ ብዬ ዝም አልኩ።»

«አሁን ምን አገባህና ተናገርክ?»

«ሚስቴ ካልነገርካት ቤት አትገባም አለችኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ ሲሄድ ወደ እጇ ተመለከተች። የመሰላልን ጨርቅ ከመጥረጊያው ጨርቅ ጋር፣ ጠርዝ ለጠርዝ፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ አድርጋ ሰፍታዋለች። በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ጉድ ሠርታ አታውቅም።

በማግሥቱ ከሰዓት እየተረተረችው ሳለ በሩ ጨለም አለ።

«እንደምን ዋልሽ።»

ትንሽ ከስቷል። ጆሮ ግንዱ ላይ ጥቂት ሽበት ጣል ጣል አድርጓል። መሣሪያ የያዘበት ቦርሳ ግን ያው የድሮው ነው፤ ማንገቻውን ያኔ የሰፋችለት እሷ ናት።

«ደኅና» አለች።

ዓይኑ እቅፏ ላይ ወዳለው ጨርቅ ሄደ። መሰላልና መጥረጊያ እስከ ግማሽ ድረስ አሁንም ተያይዘዋል። «ተዋሐዱ እንዴ? ሬዲዮው አልነገረንም።»

«ልለያያቸው ነው።»

«ልጄ! መጣህልኝ?» አሉ እናቷ ከፍራሹ ላይ። «ግባ፣ ግባ፤ በር ላይ አትቁም።»

ገባ። ከመታጠቢያው በኩል ጠብ አለ። እንደገና ጠብ። ሐኪም የሕመምተኛ ደረት እንደሚያዳምጥ አንገቱን ዘንበል አደረገ።

«ይኼ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካለፈው ምርጫ።»

«ሰው አልጠራሽም?»

«በሰፈሩ ቧንቧ ሠራተኛ የለም።»

«ሁለት አሉ!» አሉ እናቷ።

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ወደ መቀሷ ደፋች። ጆሮዋ ድረስ ሲግል ታወቃት። እሱ አልሳቀም። ለረጅም ጊዜ ባልዲውን ሲያይ ቆየ፤ ከዚያ እሷን አየ፤ እሷ ደግሞ ክሩን።

«ነገ ከመረጥኩ በኋላ እሠራልሻለሁ» አለ። «አመሻሹ ላይ አውቶቡስ አለኝ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወይስ እንደ ድሮው እንስማማ? አንቺም ቅሪ፣ እኔም ልቅር። ወንዙ እንደሆነ አልሄደም።»

እሺ ማለት እንዴት እንዳማራት! አምስት ዓመት ሙሉ ያንን ወንዝ በሐሳቧ ስትሄድበት ኖራለች።

«አይሆንም» አለች። «እኔ ለመሰላል ካልመረጥኩ ያመኛል። አንተም እንደዚያው። ለአንተ ብዬ ብቀር፣ ባየሁህ ቁጥር ዋጋውን ልጠይቅህ ነው። ምረጥ። ግን ባርኔጣ እንዳትደፋብኝ።»

«አንቺም ሻርፕ እንዳትከናነቢ።»

በምርጫው ቀን ፊት ለፊት ተገናኝተው፣ በአንድ ሰልፍ፣ እሷ ከፊት እሱ ከኋላ ቆሙ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሲያወሩ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ መንገድ መብራት ነው፤ ዝም ሲሉ ደግሞ ትንፋሹ ከትከሻዋ በላይ ይሰማታል፤ ሰልፉ ባያልቅ ብላ ተመኘች። ከሰው ሁሉ ሰልፍ እንዳያልቅ የተመኘች እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

«ዜሮ ለመሆን ይኼን ያህል መሰለፍ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ ከኋላ።

«ዜሮ አይደለንም» አለች ዞራ። «ሁለት ነን።»

አፏ አምልጧት ነው። እሱ እስከ ኮሮጮው ድረስ መሬት መሬቱን እያየ ሄደ።

ከሰዓት መጣ፤ ጣቱ ላይ የምርጫው ቀለም አለ። ከመታጠቢያው ሥር ገባ። እሷ ጨርቅ የምትሰፋ መስላ ክር የሌለው መርፌ ይዛ ተቀምጣለች። ውስጥ ያለችው ትንሽ ጎማ ናት ያለቀችው፤ ለውጦ፣ አጥብቆ፣ እጁን ታጠበ። ከዚያ ቧንቧውን ዘጋው።

ጠብታው ቀረ።

ቤቱ ጸጥ አለ፤ እንዲህ ያለ ጸጥታ አስለቃሽ ነው። እሱ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ እየጠራረገ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። የጠረገውንም መልሶ ጠረገ። የሚጠረግ ነገር አለቀበት።

«እንግዲህ» አለ።

«እንግዲህ» አለች።

መንግሥት ሲሽርና ሲሾም የኖረ አፏ፣ «አትሂድ» ለምትል ለአንዲት ቃል ተሳሰረ። እናቷ አይተው እንዳላዩ ወደ ግድግዳው ዞሩ። እሱ ቦርሳውን አነገተ፤ በሩን ያዘ። አንድ እግሩ ደጅ ወጣ።

«መጥረጊያህ ይሸነፋል» አለች።

ቆመ። «ምን አልሽ?»

«ሰምተሃል። ጠራርገው ነው የሚያሸንፏችሁ፤ ለዚያውም በራሳችሁ መጥረጊያ።»

ቀስ ብሎ ዞረ። ዓይኗ ውስጥ ያለውን አየ፤ ዓይኗ ስለ ምርጫ አልነበረም የሚያወራው። እሱም ገባው።

«ስሚ አንቺ ሴት» አለ፤ የወጣውን እግሩን ወደ ውስጥ መለሰ። «መሰላል የሚቆመው መደገፊያ ግድግዳ ካለው ነው። ያንቺ ሰዎች ግድግዳቸው የታለ?»

«ቁጭ በልና ላሳይህ!»

ቦርሳውን ከትከሻው አወረደ። እናቷ ምንም ሳይናገሩ ከፍራሹ ተነሱ፤ ከቧንቧው ሥር ባልዲውን አወጡ፤ ውሃውን ደጅ ደፉ፤ ባልዲውንም ገልብጠው መቀመጫ አደረጉለት። ተቀመጠ።

ከታች ከአስፋልቱ በኩል አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ፤ ደግሞም ነፋ። ከሁለቱ አንዳቸውም አልሰሙትም። በክርክራቸው የመንገዱ መብራት ጉዳይ ላይ ገና መድረሳቸው ነበር።