ከመኪና ላይ እንዲታይ

«ዛፉን ከፍ አድርጊው እንጂ፤ ከመኪና ላይ እንዲታይ!» አሉ ቲቸር ዘገየ፣ ከአስፋልቱ ማዶ ሆነው እጃቸውን ወደ ላይ እያወናጨፉ።

ኢንሳፍ ብሩሹን አረንጓዴ ቀለም ውስጥ ነክራ የመንገድ ዳሩ የቆርቆሮ አጥር ላይ በንዴት ለጠፈችው። የምትስለው ዋርካ ነው። መንገዱ ይሰፋል ተብሎ እስኪቆረጥ ድረስ እውነተኛው ዋርካ የቆመው እዚሁ፣ አሁን እሷ የቆመችበት ቦታ ላይ ነበር። ግንዱን በመኪና ጭነው ወሰዱት፤ ለእሷ ደግሞ ሥዕሉን እንድትሠራ ቀለም ሰጧት።

«አቦ፣ ፊትሽን ፍቺው!» አለች ጓደኛዋ ሮዳስ ከጎኗ አበባ እየቀባች። «እንደዚህ ተኮሳትረሽ ስትስዪው ዛፉም ይደርቃል።»

«ይድረቅ።»

ጭሮ ድሮም መንገድ ተከትላ የበቀለች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር የሚሄደው መኪና ሁሉ ሆዷን ሰንጥቆ ያልፋል። ዘንድሮ መንገዱ ሲሰፋ በአፈርና በድንጋይ ተሞልቶ ከፍ አለ፤ በታች በኩል ያሉት ቤቶች ደግሞ እንደ ሰመጡ ሁሉ ጣራቸው ከእግረኛ መንገዱ ጋር እኩል ሆነ። በላይ በኩል ያሉት ሆቴሎችና ሱቆች መስታወት ገጠሙ፤ ግድግዳቸውንም በታዘዙት አንድ ዓይነት ግራጫ ተቀቡ። የታችኛው ሰፈር ግን «ለእይታ አይመችም» ተባለና ከጫፍ እስከ ጫፍ በቆርቆሮ ታጠረ። ኢንሳፍ የምትኖረው ከዚያ ቆርቆሮ ጀርባ ነው።

እናቷ ጣሂራ ቡና ልትገዛ መቻራ ስለሄደች፣ ቤት ያሉት እሷና አያቷ አብዱልቃዲር ብቻ ነበሩ። አያቷ በጉልምስናቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ወንበር አውጥተው፣ የሚያልፈውን መኪና እያዩ፣ «ይኼ ፍሬኑን ይፈትሽ»፣ «ይኼ ከአቅሙ በላይ ጭኗል» እያሉ ይውሉ ነበር። ቆርቆሮው ከቆመ በኋላም ወንበሩን ማውጣት አልተዉም።

«ዕድሜዬን ሙሉ መንገድ ሳይ ኖሬ፣ በእርጅናዬ ቆርቆሮ ልይ?» ይላሉ።

የትምህርት ቤቱ የሥዕል ክበብ አጥሩን እንዲቀባ መታዘዙን፣ ከሁሉም እሷ መመረጧን የነገረቻቸው ቀን፣ «በየትኛው ወገን ነው የምትስዪው?» ብለው ጠየቋት።

«በመንገዱ በኩል ነዋ፣ አባባ።»

«በእኛስ በኩል?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ብሩሽ ባነሳች ቁጥር ያ ጥያቄ ይመጣባታል።

ዛሬ ደግሞ ባሰ። ሰፈሩ ወደ መንገዱ የሚወጣው በድንጋይ ደረጃ ነው፤ ደረጃው የሚያልቅበት ቦታ ላይ ለሰው ማለፊያ የሚሆን ክፍተት ተትቶ ነበር። ጠዋት ሠራተኞች መጥተው እሱንም በቆርቆሮ መረጉት፤ ኢንሳፍ ዋርካዋን የምትስለው እዚያው አዲሱ ቆርቆሮ ላይ ነው። ነገ ትልልቅ እንግዶች በዚህ ያልፋሉ፤ ክፍተቱ እንደ ወለቀ ጥርስ ያስጠላል፤ እንግዶቹ ካለፉ በኋላ ይከፈታል ተባለ።

«ሰዉስ በየት ይውጣ?» ብላ ቲቸር ዘገየን ጠይቃቸው ነበር።

«በጓሮ በኩል በጅረቱ ዞሮ ይወጣል። ለአንድ ቀን ምን አላት?»

ከሰዓት በኋላ የተራራው ጫፍ ጠቆረ። የሚያዝያ ዝናብ ሲመጣ አያስጠነቅቅም። ሮዳስ የቀለም ባልዲዎቹን ሳትከድን ዶፉ ወረደ፤ ተማሪዎቹ እየተንጫጩ አስፋልቱን ተሻግረው ሆቴሉ በረንዳ ሥር ተጠለሉ።

ኢንሳፍ ከበረንዳው ሆና ውሃው ከተራራው ወርዶ አዲሱን ቦይ ሲሞላው አየች። ቦዩ ጥሩ ተሠርቷል፤ ሆቴሎቹ ደጃፍ አንድ ጠብታ አላስቀረም። ሁሉንም ሰብስቦ በመንገዱ ሥር በተቀበረው ቱቦ አሾልኮ ወደ ታችኛው ሰፈር ይደፋዋል። የሰፈሩ ጓሮ ጅረት ነው፤ ፊቱ ደግሞ ቆርቆሮ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሌላ ድምፅ አይሰማም ነበር። ቆይቶ ግን የተለየ ነገር ተሰማት። ቡጢ ነው። ሰው ከውስጥ ቆርቆሮውን እየመታ ነው።

ሮዳስ ስትጠራት አልሰማችም። መኪና ጥሩምባ እየነፋባት አስፋልቱን በሩጫ ተሻገረች፤ ጆሮዋንም የዋርካው ግንድ ላይ ለጠፈች።

«ማነው?»

«ክፈቱልን! ቢሻን፣ ውሃ! ውሃው ቤት ገባ!» የጎረቤታቸው የፈለቀች ድምፅ ነው።

«እትዬ ፈለቀች፣ እኔ ነኝ፣ ኢንሳፍ! አባባስ?»

«ደረጃው ሥር ናቸው! ጉልበታቸው እምቢ ብሎ ጎረቤታችን ዓሊዩ ደግፎ ይዟቸዋል። ጅረቱ ሞልቷል፤ በጓሮ መውጫ የለም! ኧረ ልጆች ይዘናል!»

ቲቸር ዘገየ ጃኬታቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው ደረሱ። ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈዋል። «ለሠራተኞቹ እየደወልኩ ነው፤ አያነሱም።»

«እንገንጥለው!»

«ረጋ በይ ኢንሳፍ። አጥሩን የነካ ይጠየቃል ብለውናል። ነገ ደግሞ እንግዳ አለ። ትንሽ እንታገስ፣ አሁን ያነሳሉ።»

«እስከ መቼ ነው የምንታገሰው ቲቸር? ውሃው አንገታቸው እስኪደርስ?»

መምህሯ ላይ እንዲህ ጮኻ አታውቅም። መልሳቸውን አልጠበቀችም። ሠራተኞቹ ትተውት የሄዱትን የፌሮ ብረት ቁራጭ ከቦዩ ጠርዝ አነሳችና በሁለቱ ቆርቆሮዎች መሃል ሰነቀረችው። ሚስማሩ እምቢ አለ። በሙሉ ክብደቷ ተንጠለጠለችበት። ከጎኗ ሌላ እጅ ፌሮውን ያዘ፤ ሮዳስ ናት፤ ጸጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፏል።

«አንድ ላይ!» አለች ሮዳስ። «ሳቢ!»

የመጀመሪያው ሚስማር ሲነቀል ቆርቆሮው የኢንሳፍን መዳፍ ቀደደው። አላመማትም፤ ወይም ሕመሙን የምታዳምጥበት ጊዜ አልነበራትም። አንድ የአይሱዙ ረዳት መኪናውን አስቁሞ ወረደ፤ ከሆቴሉም ሰዎች መጡ፤ ዋርካው ከነቅርንጫፉ ተገንጥሎ አስፋልቱ ላይ በአፍጢሙ ተደፋ።

ፈለቀች ልጇን አዝላ ወጣች። ሌሎቹም ፍራሽ የተሸከመ፣ ፍየል የሚጎትት፣ ባዶ እጁን የሆነ፣ ተከታትለው ወጡ። በመጨረሻ ዓሊዩ አያቷን አዝሎ ደረጃውን ሲወጣ ታየ። እስከ ደረታቸው በጭቃ ርሰዋል፤ ቆባቸው የለም። ገና መሬት ሳይረግጡ፣ ክንዳቸውን ዘርግተው በሹፌርነት ድምፃቸው ጮኹ።

«ከአስፋልቱ ውጡ! ይኼ ቁልቁለት በዝናብ ፍሬን አይዝም! ልጆቹን ዳር አስይዙ!»

ሰዉ ሁሉ ወደ ዳር ተሰበሰበ። ያኔ ከበታቻቸው አንድ ወፍራም ድምፅ ተሰማ። የእነ ኢንሳፍ ቤት የጭቃ ግድግዳ ተደርምሶ ውሃው ውስጥ ገባ። አብዱልቃዲር ዘወር ብለው አዩና፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ሰው የለበትም» አሉ።

ያን ሌሊት የሮዳስ ወላጆች ቤት አደሩ። ቤቱ ከመንገዱ በላይ፣ ፎቅ ላይ ነው። ጠዋት ኢንሳፍ በመስኮት ስታይ ዓይኗን ማመን አቃታት። ቆርቆሮው ተመልሶ ቆሟል። አስፋልቱ ታጥቧል። ዋርካዋ ግንዱ ላይ ተጣጥፎ፣ ግን አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል። ከጀርባው ሰዎች ወገባቸው ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብተው ዕቃቸውን ይፈልጋሉ።

እንግዶቹ መጡ። ጥቁር መስታወት የዘጉ መኪኖች ተከታትለው መጡና ፍጥነታቸውን ሳይቀንሱ አለፉ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ጎረቤት፣ «እንግዶቹ ከተማዋ አምሮባታል ብለዋል አሉ» ሲል ሰማች። የታሸገው መዳፏ በንዴት ተጨብጦ እንደገና ደማ።

ሰኞ ዳይሬክተሩ አስጠሯት። ሮዳስ ቢሮው በር ላይ ጠብቃ ክንዷን ያዘቻት።

«ኢንሱ፣ ስሚኝ። አጥሩን ማን ጣለው ሲሉኝ ንፋስ ነው ብያቸዋለሁ። ቲቸርም ዝም አሉ። አንቺም ንፋስ በዪና እንገላገል።»

«ንፋስ ፌሮ ይይዛል?»

«ያባርሩናል! ገባሽ? ደግሞ ማን ይጎዳል? ሰዉ እንደሆን ወጥቷል።» ሮዳስ እንባዋ ቀርቧል። ፈርታ ነው እንጂ ክፋት እንደሌለባት ኢንሳፍ ታውቃለች። ፌሮውን አብራት ይዛለች። ለዚህም ነው ልትቆጣት ፈልጋ ያልቻለችው።

ቢሮ ውስጥ ዳይሬክተሩ፣ ቲቸር ዘገየና ከመንገዱ ሥራ የመጣ አንድ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰውዬ ተቀምጠዋል። ሰውዬው ፈገግታውን አልነፈጋትም።

«አርቲስቷ አንቺ ነሽ? ጎበዝ! ሰው አለመጎዳቱ ትልቅ ነገር ነው። ያስቸገረን ንፋሱ ነው። አሁን ግን በብረት እንበይደዋለን፤ ከእንግዲህ ምንም አይነቀንቀውም። አንቺ ደግሞ ዛፍሽን ትደግሚልናለሽ።»

«ንፋስ እንደ ነበር ሮዳስ ነግራናለች» አሉ ዳይሬክተሩ። «አንቺም እዚያው ነበርሽ። እንደዚያ ነው አይደል?»

ኢንሳፍ ቲቸር ዘገየን አየቻቸው። እሳቸው ጫማቸውን ያያሉ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ራሷን ብትነቀንቅ ያበቃል። ግን ሰውዬው «እንበይደዋለን» ያለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀርቷል። አጥሩን የጣለው ንፋስ ከሆነ መፍትሔው ብየዳ ነው። በሚቀጥለው ዝናብ ያንን ፌሮ አይከፍተውም፤ ዓሊዩም የሚወጣበት አያገኝም።

«ንፋስ አይደለም» አለች።

«ኢንሳፍ፣ አስበሽ ተናገሪ» አሉ ዳይሬክተሩ።

«አስቤያለሁ። እኔ ነኝ የገነጠልኩት። ውስጥ ሰው ተዘግቶበት ነበር። አያቴም እዚያ ነበሩ።» የሮዳስን ስም አላነሳችም።

የሰውዬው ፈገግታ ጠፋ። «ይኼ የሕዝብ ንብረት ነው። ወላጅሽን ታመጫለሽ።»

«እናቴ ነገ ከመቻራ ትመለሳለች። ይዣት እመጣለሁ። የሰፈሩም ሰዎች ይመጣሉ።»

ቲቸር ዘገየ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። ዳይሬክተሩ ተቀመጪ ብለው ወንበር አሳዩዋት። ኢንሳፍ አልተቀመጠችም። የታሸገ እጇን በሌላው ይዛ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰውን ሰውዬ ፊት ለፊት ተመለከተችው።

«የሰፈራችንን መውጫ በር በየት በኩል ነው የምታደርጉልን?» አለችና መልሱን ቆማ መጠበቅ ጀመረች።