በኮቱ ኪስ የቀረው ስልክ

ከሌላ ሰው የሰማሁትን አላወራም። የምጽፍላችሁ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ባታምኑኝ አልቀየምም፤ እኔም ብሆን አላምንም ነበር።

ያለፈው ሐምሌ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። አሶሳ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር።

ባለቤቴ ሌንጂሳ ከሞተ በዚያ ሳምንት ዓመት ሞላው። የግብርና ባለሙያ ነበር። ከመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ጋር ለሥራ ወደ ካማሺ ሲሄዱ መንገድ ላይ የሞላ ወንዝ ገጠማቸው። መኪናው መሻገር ይችል እንደሆነ ሊያይ፣ ኮቱን አውልቆ ወረደ።

ውሃው ወሰደው። አስከሬኑ አልተገኘም።

ሾፌሩ ኮቱን አመጣልኝ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ነበር። ከእሱ ነገር ደርቀው የተመለሱልኝ ኮቱና ስልኩ ብቻ ናቸው።

ስልኩ ላይ አንድ የተቀዳ ድምፅ አለ። በላዩ ያለው ሰዓት እንደሚያሳየው፣ ወንዙ ዳር ሆኖ፣ ከመውረዱ በፊት የቀዳው ነው። ሠላሳ ስምንት ሰከንድ።

ዓመት ሙሉ አላዳመጥኩትም።

ካዳመጥኩት በኋላ ሌንጂሳ የሚነግረኝ አዲስ ነገር አይኖርም። ስለዚህ በየሳምንቱ ስልኩን ቻርጅ አደርጋለሁ፣ ድምፁ መኖሩን አያለሁ፣ ስልኩን አጠፋና ወደ ኮቱ ኪስ እመልሰዋለሁ። ኮቱ ከመኝታ ቤቴ በር ጀርባ ተሰቅሎ ነው የኖረው።

ያን ቀን ታላቅ እህቱ እትዬ ጋዲሴ ከባምባሲ መጥታ ነበር። በእነሱ ቤት የሟች ልብስ ዓመት ሲሞላው ታጥቦ ለችግረኛ ይሰጣል። እኔ ገበያ ደርሼ ስመለስ፣ ግቢው ውስጥ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላለች።

ከአረፋው ውስጥ አንድ እጅጌ ወጥቷል...

"እትዬ ጋዲሴ... ኪሱን አይተሻል?"

"የምን ኪስ?"

እጄን ውሃው ውስጥ ከተትኩ።

ስልኩ እዚያው ነበር።

"ያ ዋቆ... አምላኬ..." አለች። "ቶሎ አብሪው፣ ይሠራ እንደሆነ እንይ።"

"እርጥብ እያለ ከበራ ይቃጠላል። ድምፁ እዚህ ውስጥ ነው።"

"የማን ድምፅ?"

ከዚያ ቀን በፊት ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።

ባትሪውን ነቀልኩ። ሲሙን አወጣሁ። በጨርቅ ጠርጌ ጣሳ ሙሉ ሩዝ ውስጥ ቀበርኩት።

እሑድ ጠዋት ጣሳውን ከፈትኩ።

ሩዙ እስከ አፉ ርሷል። አንድ ስልክ ያን ያህል ውሃ አይዝም። የሳሙና ሽታም አልነበረውም...

የጭቃ ሽታ ነበረው።

በረንዳው ላይ አብረው ታጥበው የተሰቀሉት ሸሚዞች ደርቀዋል። ኮቱ ግን አሁንም ይንጠባጠባል።

"ወፍራም ስለሆነ ነው" አለች እትዬ ጋዲሴ። ግን አልነካችውም።

ሰኞ ጠዋት ስልኩን ገበያው አጠገብ ስልክ ወደሚጠግነው ዐብዱልቃድር ወሰድኩት። የኩርሙክ ሰው ነው፤ ጨዋታ ይወዳል፣ አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም።

"ሩዝ ውስጥ ከተትክ አይደል፣ እህቴ?" ሳቀ። "አሶሳ ሰው ሁሉ ስልኩን ሩዝ ያበላል። እኔ ቤት ሲመጣ ጠግቦ ነው የሚመጣው።"

ፈታው።

ሳቁ ቆመ።

በብሩሹ ጫፍ ቀይ አሸዋ አወጣ። ጠረገ። ከዚያው ቦታ እንደገና አሸዋ ወጣ...

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ይሄ ወንዝ ገብቷል?"

"አልገባም። ሳፋ ውስጥ ነው።"

"ወላሂ፣ ሳፋ ውስጥ አሸዋ የለም።"

በአልኮል አጸዳው፣ በሞቃት አየር አደረቀው፣ ሌላ ባትሪ አስገባ። በራ።

ድምፁ አለ። ቀኑም ያው ነው፣ እሱ የሞተበት። ወደ ሌላ ስልክ ሊገለብጠው ሞከረ፤ እምቢ አለ።

"አሁን ስማ" አለኝ። "ውሃው እየተመለሰ ነው። ከጠፋ አይነሳም።"

ዓመት ሙሉ የጠበቅሁትን፣ እዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ከፈትኩት።

መጀመሪያ የወንዝ ድምፅ... ረጅም...

ከዚያ እሱ። የተረጋጋ። ከጓዳ ሆኖ እንደሚጠራኝ።

"እየሩስ... ጋዲሴ ኮቴን እንዳታጥበው።"

ውሃው ብቻ ይሰማል።

"ውሃ አታስነኩት... ደረቅ ሆኜ የቀረሁት እሱ ውስጥ ብቻ ነው።"

ስልኩ ጠፋ። ዐብዱልቃድር ሦስት ጊዜ ሞከረ። ከዚያ ወዲያ አልበራም። በጨርቅ ጠቅልሎ ሲሰጠኝ ዓይኔን አላየኝም።

ቤት ስደርስ እትዬ ጋዲሴ ቦርሳዋን ይዛ ደጅ ቆማለች።

"ኮቱን አንቺ ነሽ ያስገባሽው?" በሹክሹክታ ነበር።

"አሁን መምጣቴ ነው።"

"እኔም አልነካሁትም።"

መኝታ ቤት ገባሁ። በስተጀርባው ያለውን ለማየት በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

ኮቱ በድሮ ቦታው ተሰቅሏል። እስከ አንገቱ ድረስ ተቆልፏል። ከሁለቱም እጅጌዎቹ ቀይ ውሃ ይንጠባጠባል። የሲሚንቶው ወለል ዳር እስከ ዳር ርሷል...

ከኮቱ ሥር ብቻ ውሃ ያልነካቸው ሁለት ቦታዎች አሉ።

ጎን ለጎን። ደረቅ። የባዶ እግር ቅርጽ።

ጣቶቹ ወደ እኔ ዞረዋል።