ጥቁሯ የሙሽራ መኪና

ፓሽክ አርዲታን የተዋወቃት በሳይክል ገጭቷት ነው። ሽኮደር ከተማ፣ ገበያው በር ላይ፣ የያዘችው ቲማቲም ሁሉ አስፋልቱ ላይ ተበተነ።

«ዓይንህን ቤት ረስተኸው ነው የወጣኸው?»

«ይዤውስ ነበር... አንቺ ላይ ቀረብኝ እንጂ!»

ሳቀች። ከሳይክሉ የፊት ብረት ላይ አስቀምጦ ቤቷ ድረስ አደረሳት። ከዚያ በኋላማ ሳይተያዩ መዋል አቃታቸው።

አንድ ቀን ግን ጓደኛዋ «ለሠርግሽም በፔዳል ሊወስድሽ ነው?» ብላ ስታሾፍ አርዲታ አብራ ሳቀች። ፓሽክ ሰማ። እሷ የሳቀችው ሐሳቡ ደስ ብሏት ነበር! ሞኙ ምኑን ያውቃል? የሰፈሩ ወጣት ሁሉ የሚተኛበት አልጋ ሳይኖረው ጀርመን ሠራሽ መኪና ያሳድዳል። እሱም መኪና ሳይዝ ፊቷ ላይቆም ለራሱ ምሎ፣ ደህና ሁኚ እንኳን ሳይላት ሠርቶ ሊገዛ ጀርመን ገባ። ስትደውል አያነሳም። በመኪናው በሯ ላይ ሲቆም ሁሉም ነገር የሚገባት መስሎት ነበር። እሷ ግን ሁለት ዓመት ጠብቃ ጠብቃ ተስፋ ቆረጠች።

ጥቁሯን መኪና እየነዳ በገባ ማግስት፣ አርዲታ ጋ ሊሄድ ሲሰናዳ ጎረቤታቸው እትዬ ድራኔ በሩን አንኳኩ። የወንድማቸው ልጅ ያገባል። በደንቡ ሙሽራው ቤቱ ሆኖ ይጠብቃል፤ ዘመዶቹ በመኪና አጀብ ሄደው ሙሽራዋን ያመጡለታል። እሷ የምትቀመጠው ደግሞ ከሁሉ ባማረችው መኪና ነው።

«ካንተ መኪና የምታምር የለችም፣ የኔ ልጅ። እምቢ እንዳትለኝ!»

እምቢ አይባልም። ስፖኪዮው ላይ እንደ ሠርጉ ወግ ነጭ ፎጣ አሰሩለትና እትዬ ድራኔ መንገዱን እያሳዩት አጀቡን መራ። በየመታጠፊያው መንገዱ የሚያውቀው እየሆነ መጣ። «እዚህ ጋ ቁም» ያሉት አርዲታ በር ላይ ነው።

ነጭ ለብሳ ወጣች። አየችው... ደረቷን ይዛ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ኋላ ወንበር ላይ ከእትዬ ድራኔ ጎን ተቀመጠች።

የአጀቡ ክላክስ ከተማውን ያደነቁራል።

«ይህችን መኪና ለማን ብለህ ገዛሃት?» አለችው።

«ለአንዲት ልጅ።»

«መኪና እንደምትፈልግ ጠይቀሃት ነበር?»

«አልጠየቅኳትም...»

«ብትጠይቃት ሳይክሉ ይበቃኛል ትልህ ነበር።»

እትዬ ድራኔ ከት ብለው ሳቁ። «ምን ዓይነቷ ሞኝ ናት!»

ፓሽክ መሪውን ጨምድዶ ያዘ። እንባው መንገዱን ጋረደበት። አዙሮ ይዟት ሊጠፋ አማረው፤ እግሩም ፍሬን ላይ አረፈ። ዞሮ አያት።

«ንዳ» አለችው አርዲታ ቀስ ብላ። «ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

ነዳ።

ሙሽራው እጇን ይዞ አወረዳት። ዘወር ብላ አላየችም። የሙሽራው እናት ግን ወደ ፓሽክ መጡና ሙሽራ ላመጣ ሹፌር የሚሰጠውን አዲስ ሸሚዝ ትከሻው ላይ ጣል አድርገው ግንባሩን ሳሙት።

«ላንተም እንደሷ ያለች ይስጥህ፣ የኔ ልጅ!»

«አሜን» አለ ፓሽክ።