ወደ ውስጥ የሚዞረው ጎን

ሰው አንድ ቦታ ሊቀር መወሰኑን የሚያውቀው በየትኛው ቀን ነው? ስሂን ይህን ጥያቄ በሦስት አገርና በስድስት የኪራይ ክፍል ይዛው ዞራለች፤ መልስ ግን አላገኘችለትም። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እናቷ ቤት ከተመለሰች ዓመት ከአራት ወር ሆኗት እንኳ ከሁለቱ ሻንጣዎቿ አንዱ አልተፈታም ነበር።

«ያን ሻንጣ ፍቺውና ቦታ እናግኝ» ይሏታል እናቷ ወይዘሮ አሰለፈች፣ ምንጣፉን ለመጥረግ ቫክዩም በያዙ ቁጥር።

«ነገ እፈታዋለሁ፣ እማዬ።»

«ነገሽ ዓመት አለፈው።»

ስሂን ያደገችው እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በሃያ ሁለት ዓመቷ አሮጌ የእንጨት ቅርስ መጠገን ለመማር አውሮፓ ሄደች፤ ዘጠኝ ዓመትም በዚያው ቀረች። ስትመለስ ሥራ ያገኘችው ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ በማይርቀው አሌክሳንድሪያ፣ ባቡር ሐዲዱ አጠገብ ባለው የጋሽ ይገዙ ወርክሾፕ ነው። ጋሽ ይገዙ ከአርባ ዓመት በፊት በዚያ ቤት ወለል ጠራጊ ሆነው ገብተው፣ ሙያውን ከባለቤቱ፣ ከአንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ተምረው፣ ሰውየው ሲሞት ቤቱን የተረከቡ ሰው ናቸው። የሚሠሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካሩሰል። በየመናፈሻው በሙዚቃ እየዞሩ ልጅ ያጋልቡ የነበሩትን፣ ፕላስቲክ ከመምጣቱ በፊት አንድ በአንድ በመሮ የተፈለፈሉትን የእንጨት ፈረሶች ያድናሉ።

በዚያ ዓመት ከአንድ የሜሪላንድ መናፈሻ ሠላሳ ስድስት ፈረሶች መጥተውላቸው ነበር። መቶ ዓመት ያለፋቸው፣ አሥር እጅ ቀለም የተደራረበባቸው፣ እግራቸው የተሰነጠቀ ፈረሶች።

ሲራክን ያገኘችው ከነዚህ በአንዱ ሆድ ሥር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ስትገባ አንድ ረጅም ሰው ወለሉ ላይ ተጋድሞ የፈረሱን ግራ ጎን በባትሪ ያያል።

«ይቅርታ፣ እሱ የማይታየው ጎኑ ነው» አለችው። «የሚያምረው በዚህ በኩል ነው።»

«ለኔ የሚታየው ይሄ ነው» አለ ሳይነሣ። «ማሽኑን የምጠግነው እኔ ነኝ። ማሽኑ ያለው መሐል ላይ ነው። መሐል ቆመሽ ስታዪ ሁሉም ፈረስ ግራ ጎኑን ነው የሚያሳይሽ።»

«ቀኙን አይተኸው አታውቅም?»

«በላስቲክ ተጠቅልሎ አይቼዋለሁ። ይቆጠራል?»

ሲራክ ኑሮው ሄርንደን ነው፤ በአውሮፕላን ማረፊያው የሻንጣ ማጓጓዣ ቀበቶ ይጠግናል። ላለፉት ሦስት ወራት ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ መናፈሻው ድረስ እየሄደ የካሩሰሉን ኩሽኔታና የማርሽ ጥርስ ለጋሽ ይገዙ ሲያድስ ቆይቷል፤ ወርክሾፑ ሲመጣ ያ ቀን የመጀመሪያው ነው። ስሂን ተነሥ ብላ እየመራች በፈረሱ ዙሪያ ወሰደችው። ቀኝ ጎኑ ላይ ጋማው በነፋስ እንደተመታ ይበራል፤ አንገቱ ላይ ጽጌረዳ ተደርድሯል፤ ኮርቻው ሥር የተኛ አንበሳ አለ። ሲራክ ጽጌረዳውን አንድ በአንድ በባትሪው ተከተለ። እሷም ፈረሱን ትታ እሱን ታይ ጀመር።

«ሦስት ወር ሙሉ አላውቀውም ነበር ማለት ነው» አለ በመጨረሻ።

«ጌጡን ለተመልካች በሚዞረው ጎን ነው የሚያደርጉት። የውስጡ ልሙጥ ነው። ትምህርት ቤትም ፎቶ አንሡት አይሉንም።»

«ነይ እስቲ።»

አሁን እሱ መራት። በግራው በኩል ጣቷን አንገቱ ላይ እንድታሳርፍ ነገራት። እንጨት የሚያለሰልሰው ብርጭቆ ወረቀት አልነካውም፤ የመሮው ጥርብ አንድ በአንድ ይዳሰሳል።

«ጠራቢው እዚያኛው ላይ ለደንበኛ ነው የሠራው» አለ ሲራክ። «እዚህ ጋ ቸኩሏል። ይኸውልሽ፣ ጉጡ አስቸግሮት መሮውን አዙሯል። እዚህ ላይ ደግሞ ቆም ብሏል፤ ምሳ ሰዓት ደርሶ ይሆናል።»

ስሂን ጣቷን ከዚያ ጎድጓዳ ቦታ ለማንሣት አልቸኮለችም። የሱ እጅ አንድ ስንዝር ብቻ ርቆ ነበር። እሱም የሱን አላነሣም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜን መጠበቅ ለመደች። እሱ ቡና በወረቀት ኩባያ ይዞ ይመጣል፤ የሷን ስኳር ሳይረሳ።

«ሻንጣም ፈረስም ያው ነው» ይላታል። «ሁለቱም ዞሮ ይመጣል። ፈረሱን ግን የኔ ነው ብሎ አንሥቶ የሚሄድ የለም።»

«ለሱ ነው የምትወደው?»

«ለሱም ነው።»

በየካቲት ከሁሉ ያጌጠው፣ መሪ የሚሉት ፈረስ ተራው ደረሰ። የካሩሰል ፈረስ ሆዱ ባዶ ነው፤ ጣውላ በጣውላ ላይ ተጣብቆ እንደ ሣጥን ይዘጋል። የዚህኛው መጋጠሚያ ተላቆ ስለነበር ስሂን በቀጭን ቢላ ከፈተችው። ውስጡ የታጠፈ ወረቀት ነበር። በእርሳስ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ለጋሽ ይገዙና ለሲራክ አነበበችላቸው። «ይህን ፈረስ ማርች 1951 ዘጋነው። ሬይ እና ኦድሪ። ኮላው ከያዘ ንገሩን።»

«የሙያው ልማድ ነው» አሉ ጋሽ ይገዙ። «ፈረስ ጠግኖ የዘጋ ሰው ለሚቀጥለው ከፋች ይጽፋል። እኔም እጽፋለሁ። አንቺስ በዘጋሻቸው ሦስቱ ውስጥ ምን ጻፍሽ?»

«ቀኑን።»

«ስምሽንስ?»

«ቀኑ አይበቃም፣ ጋሼ?»

ጋሽ ይገዙ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩዋት። ሲራክ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ሰው እንደሚያናግር «ሰባ ምናምን ዓመት ይዟል፣ ሬይ» አለው። ስሂን ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ወረቀቱን አጥፋ ወደ ጎን አኖረችው።

ለሲራክ ያልነገረችው ጉዳይ ነበር። እሱን ከማወቋ በፊት ኮፐንሃገን ለሚገኝ ሙዚየም አመልክታ ነበር፤ አሁን የሁለት ዓመት የሥራ ኦፈር መጣላት። መልስ የምትሰጥበት ሁለት ሳምንት አላት። የድጋፍ ደብዳቤውን የጻፉላት ጋሽ ይገዙ ናቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከመሪው ፈረስ ጀርባ ተቀምጣ ሰኮናውን ስትፍቅ፣ የጋሽ ይገዙንና የሲራክን ድምፅ ሰማች። እዚያ መሆኗን አላወቁም።

«ሽማግሌ መሆን ክብር ነው፣ ልጄ» ይላሉ ጋሽ ይገዙ። «ግን እኔ ምን ልሁን? ኮፐንሃገኖች እንዲወስዷት በደብዳቤ ፈርሜ፣ እሑድ እናቷ ቤት ሄጄ ስጡን ልበል?»

«እነማን እንዲወስዷት?» አለ ሲራክ።

ጋሽ ይገዙ ያመለጣቸውን ነገር ያወቁት ያኔ ነው። ስሂን ብርጭቆ ወረቀቱን እንደያዘች ብቅ አለች። ሽማግሌው አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አይተው «መኪናዬን በደንብ አላቆምኳትም መሰለኝ» ብለው ወጡ። መኪናቸው በመስኮቱ ትታያለች፤ በደንብ ነው የቆመችው።

«መቼ ልትነግሪኝ ነበር?» አለ ሲራክ።

«ከወሰንኩ በኋላ።»

«ከወሰንሽ በኋላማ ወሬ ነው።»

«አንተስ? ሽማግሌ ስታዘጋጅ እኔን ጠየቅከኝ?»

ሲራክ ግራሶ የነካው እጁን በጨርቅ ደጋግሞ ጠረገ።

«ፈርቼ ነው» አለ። «እናትሽን ማስጠየቅ ካንቺ ይቀለኛል።»

እንዲህ ያለ ግልጽ መልስ አልጠበቀችም ነበር። የያዘችው ቁጣ መድረሻ አጣ።

«እኔም ፈርቼ ነው።»

«አልለምንሽም፣ ስሂን። ሂጂም አልልሽም። የሚመጣው ቅዳሜ ፈረሱን ስትዘጊ የማጣበቂያውን ሞርሳ ሌላ ጫፍ እይዛለሁ ብያለሁ፤ እይዛለሁ። ከዚያ በኋላ የምመጣው ከጠራሽኝ ነው።»

ሐሙስ ከሥራ ስትመለስ ወይዘሮ አሰለፈች ሳሎን ልብስ ያጥፋሉ። ስሂን አጠገባቸው ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው። እናቷ እስክትጨርስ ሰሟት።

«ልትሄጂ ከሆነ አልይዝሽም» አሉ። «ያ ሻንጣ ግን አልገባኝም። ለመሄድ እንዳልል አቧራ ጠጥቷል፤ ለመቅረት እንዳልል አልተፈታ።»

«ለወንድ ብዬ ቀረሁ እንዳልባል ነው።»

«ማን ነው የሚልሽ?»

«እኔ።»

ወይዘሮ አሰለፈች አንሶላውን አጥፈው ጨረሱ። «እሱን ተይው ለጊዜው። እዚያ ዘጠኝ ዓመት ስትጠግኚ ከኖርሽው፣ የትኛውን ተመልሰሽ አየሽው?»

ስሂን በልቧ ቆጠረች። በር ነበር፣ መሠዊያ ነበር፣ አንድ የመርከብ ምስል ነበር። ሁሉንም ጠግና ወደ ሌላ ከተማ አልፋለች። ያጣበቀችው ነገር ሁለተኛ ክረምት ሲሻገር አንድም ቀን አላየችም። ጥሩ ባለሙያ ናት ይሏታል፤ እሷ ግን ሥራዋ ይያዝ አይያዝ የምታውቀው ከሰው አፍ ብቻ ነው።

ፎቅ ወደ ክፍሏ ወጥታ ሻንጣውን ከፈተች። ከታች፣ ፍሎረንስ ሳለች የገዛችው የጥጥ ወረቀት ነበር፤ መቶ ዓመት ቢቀመጥ የማይበላሽ ወረቀት። ለምን እንደገዛችው ያኔ አታውቅም። አንዱን አውጥታ፣ ልብሶቹን መስቀያ ላይ ሰቀለች። ከዚያ ለኮፐንሃገን አጭር ኢሜይል ጻፈች፤ አመሰገነች፣ እንደማትመጣም ነገረቻቸው።  ለሲራክ ግን አልደወለችለትም። ፊት ለፊት ልትነግረው ፈለገች።

ሲራክ ቅዳሜ በሰዓቱ መጣ። የሷንም ቡና ይዟል። ጋሽ ይገዙ ከቆዳ የተቀቀለውን ኮላ በሙቅ ውኃ ላይ ያማስላሉ። ኮላው ከተቀባ በኋላ ያለው ጊዜ አምስት ደቂቃ አይሞላም፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ አይታረምም። ስሂን ወረቀቱን አውጥታ የፈረሱ ጀርባ ላይ አድርጋ ጻፈች። ለሲራክም ሰጠችው።

«በአማርኛ?» አለ። «ማን ያነበዋል?»

«የከፈተው ሰው ፈልጎ ያስነብብ።»

እንዲህ ይላል፦ «ይህን ፈረስ በየካቲት ዘጋነው። ስሂን እና ሲራክ። ግራ ጎኑን ብርጭቆ ወረቀት አታስነኩት። የሬይና የኦድሪ ኮላ ይዞ ነበር። የኛ ከያዘ ንገሩን፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ነን።»

ሲራክ ሁለቴ አነበበው። መጨረሻው መስመር ላይ ዓይኑ ቆመ።

«አድራሻ ጽፈሻል።»

«ካልጻፍኩ የት ይነግሩናል?»

«ኮፐንሃገንስ?»

«ሐሙስ ጻፍኩላቸው። ሞርሳውን ያዝ፣ ኮላው ሳይቀዘቅዝ።»

ወረቀቱን ከሬይ ደብዳቤ ጋር አጥፋ ውስጥ አስገባችው። ኮላውን ቀብተው ጣውላውን ገጠሙ። እሱ ከዚያ፣ እሷ ከዚህ ሞርሳውን አጠበቁ፤ ኮላው በመጋጠሚያው ላይ እንደ ማር ወጣ።

«እንግዲህ ነገ ከረባት ልሰር?» አሉ ጋሽ ይገዙ፣ ማማሰያውን እንደያዙ።

«መጀመሪያ እኔን ይጠይቀኝ፣ ጋሼ።»

የሲራክ ሁለት እጆች ሞርሳው ላይ ናቸው፤ መልቀቅ አይችልም። በፈረሱ አንገት ላይ አሻግሮ አያት።

«ስሂን» አለ። «ሽማግሌ ልላክ?»

«ላክ» አለች። «ሞርሳውን ግን እንዳትለቅ።»

ካሩሰሉ በሚያዝያ ተከፈተ፤ እነሱ በመስከረም ተጋቡ። ይኸው አራተኛ ዓመት ነው። በየዓመቱ መናፈሻው ሲከፈት ይሄዳሉ፤ ሲራክ መሐል ገብቶ ኩሽኔታውን ያዳምጣል፣ ስሂን መሪው ፈረስ ሥር ተንበርክካ በአውራ ጣቷ የሆዱን መጋጠሚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትዳብሳለች። ልጆች በትዕግሥት ይጠብቋታል።

«መልስ አልመጣም?» ይላታል ሲራክ ከውስጥ በኩል።

«አልመጣም፤ ይዟል» ትለዋለች፣ ጉልበቷን አራግፋ እየተነሣች።