በባዩዳ ተራሮች «ቤቶች!» ያልኩበት ቀን

ሰው በማይኖርበት ተራራ መካከል፣ ጣሪያ ከሌለው ቤት ውስጥ፣ «ግቡ! ግቡ! ደጅ አትቁሙ!» ያለችን ሴት ማን ናት? ይህን ስንት ጊዜ ራሴን እንደጠየቅሁ አላውቅም፣ መልስ ግን እስከ ዛሬ የለኝም፣ እናንተም አንብባችሁ ስትጨርሱ የሚኖራችሁ አይመስለኝም፣ ብቻ የሆነውን እንደሆነው ልንገራችሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የማምን ሴት አልነበርኩም። የተወለድኩት ወሎ ነው፣ በእኛ ቀዬ የምሽቱ ጨዋታ ግማሹ ስለ ጂን ነው፣ እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ «ማን አየው? የት ቦታ?» እያልኩ የሰው ጨዋታ የማበላሽ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ካርቱም መጥቼ ሪያድ በሚባል ሰፈር በሰው ቤት ስሠራ ነው፣ አል-ሳሃፋ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ያገራችን ሰዎች ባቋቋሙት የማታ ትምህርት፣ እኩዮቼ የልጆች እናት በሆኑበት ዕድሜ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ደግሞ፣ እመኑኝ፣ በቃል አይቀልድም። ስለዚህ ከዚህ በታች «ሰማሁ» ያልኩት የሰማሁት ነው፣ «መሰለኝ» ያልኩት የመሰለኝ ነው፣ ሁለቱን አልቀላቅልም።

አሠሪዬ ሐጃ ሰዕዲያ ይባሉ ነበር፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ሴት። ልጃቸው ኒዕማት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ጥንት ሰዎች ቅርስ ትማር ነበር። ዘጠናዎቹ ዓመታት ሊያልቁ ሲሉ ነው፣ ያኔ ሴት ልጅ ከከተማ ወጥታ አደረች ማለት ቤተሰብ ለምክር የሚያስቀምጥ ጉዳይ ነበር፣ ኒዕማት ደግሞ ለመመረቂያዋ ከአስተማሪዋና ከጓደኞቿ ጋር ከካርቱም በስተሰሜን ወዳለው ባዩዳ በረሃ መሄድ ነበረባት፣ በመንገድ መሪ እየተመሩ ጥቁሮቹን ተራሮች ለቀናት በእግር አቋርጠው፣ ማዶ ሸለቆ ውስጥ ያለውን የጥንት ፍርስራሽ ለክተውና ነድፈው ሊመለሱ። ከፍርስራሹ መኪና አይደርስም፣ እግርና ግመል ብቻ።

አጎቷ ዐም ሐሰን ለዚሁ ጉዳይ ሳሎን ተቀምጠዋል፣ እኔ ሻይ እቀዳለሁ።

«ባለቤት ያጣ ድንጋይ ለማየት ሴት ልጅ ጀበል ለጀበል፣ ተራራ ለተራራ ትዙር?» አሉ።

«ድንጋዩን ካላየች አትመረቅም» አሉ ሐጃ።

«አትመረቃ! የአክስቷ ልጅ ሳትመረቅ አገባች፣ ምን ጎደላት?»

«ባሏ ነዋ የጎደላት! ሊቢያ እንደሄደ ቀረ አይደለም እንዴ?»

ዐም ሐሰን ሳቃቸውን ከሻዩ ጋር ዋጡትና ፈረዱ። «እሺ፣ ሐበሺያዋ አብራት ትሂድ። ግን ስሚ ኒዕማት፣ 'ደከመኝ' ብለሽ ከመንገድ የተመለስሽ እንደሆነ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር እዚያው ላይ አበቃ፣ ቤትሽ ትቀመጫለሽ።»

ሐጃ ማድ ቤት ድረስ ተከትለውኝ መጡ፣ እጄንም ያዙ። «ሉባባ፣ በደህና መልሻት ብቻ አይደለም የምልሽ» አሉኝ፣ «አድርሰሽ መልሻት።» 

ሄድን። አስተማሪው፣ ኡስታዝ የምንላቸው፣ ጥቂት ተማሪዎች፣ እኔ፣ ኢድሪስ የሚባሉ የባዩዳ ሰው መንገድ መሪያችን፣ የእሳቸውም ግመሎች። ያ ተራራ ያገሬን ተራራ አይመስልም፣ ሣር የለው፣ ዛፍ የለው፣ እሳት በልቶ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ቢሆንም ተራራ ተራራ ነው፣ ምን አለፋችሁ፣ ስንት ዓመት ከማድ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን ማድ ቤት የተመላለሰ እግሬ ዳገት ሲያገኝ እንደተፈታ ጥጃ ሆነ። የከተማዎቹ ልጆች እያለከለኩ ሲቀመጡ እኔ ድስቴን ይዤ ቀድሜ እጠብቃቸዋለሁ። ኢድሪስ ይህን ሲያዩ «ኡስታዝ፣ ይህቺን ሐበሺያ ያዙልኝ» ይላሉ፣ «ግመሎቼ እያፈሩ ነው!» በቃ ሁሉም ይስቃል፣ እኔም፣ ዝምተኛ ነሽ የምባለው፣ ድምፄን አውጥቼ እስቃለሁ።

የኒዕማት እግር ግን ውሃ ቋጠረ፣ ቀጥሎም ፈነዳ። ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ጫማዋን ማድረግ አቃታት። ኡስታዝ አዘኑላት፣ «አንድ ግመል ልስጥሽና ተመለሽ፣ ጓደኞችሽ የነደፉትን ያካፍሉሻል» አሏት። መልካም ማሰባቸው ነው፣ የዐም ሐሰንን ፍርድ አያውቁም። የኒዕማት እንባ በፊቷ አቧራ ላይ መንገድ እያበጀ ወረደ። እኔ ከወንድ ጋር ተከራክሬ አላውቅም፣ ያን ቀን ግን ነጠላዬን ከዳር ቀድጄ እግሯን እየጠመጠምኩ፣ «ኡስታዝ፣ እናንተ ቅደሙ፣ እኛ ከኋላ ቀስ ብለን እንደርሳለን» አልኩ። አዩኝ፣ ኢድሪስን አዩ፣ ኢድሪስም «ይህቺ ካለች ትደርሳለች፣ ከጫፉ በኋላ ያለው አንድ ቁልቁለት ነው፣ አያሳስትም» አሉ።

ከቀትር በኋላ ጫፉ ላይ ወጣን፣ እሷ ግማሽ በእግሯ፣ ግማሽ በእኔ ትከሻ። እዚያ ቆመን ሸለቆውን ስናየው፣ የድንጋይ ግድግዳዎች ከታች ተዘርግተው፣ ደጅ አላቸው፣ ጓሮ አላቸው፣ መተላለፊያ አላቸው፣ ኒዕማት ሕመሟን ረስታ «ኻልቶ፣ አክስቴ፣ ደረስን!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ኮርቼ አላውቅም።

ከፊት የሄዱት አይታዩም ነበር፣ ከአንዱ ጉብታ ጀርባ መስለውኝ ቁልቁለቱን ጀመርን። አየሩ ቀጥ አለ፣ ዝንብ እንኳ የለም። ያን ጊዜ ነው ከታች ድምፅ የሰማሁት፣ ሸርር… ያርፋል… ሸርር… ጠዋት ግቢ ሲጠረግ የሚሰማው ዓይነት። ቁጥቋጦ ነው አልኩ በልቤ፣ ነገር ግን ነፋስ ሳይኖር ቁጥቋጦ ምን ያንቀሳቅሰዋል? ለኒዕማት አልነገርኳትም፣ እሷው ናት ቀድማ፣ «ኻልቶ፣ ማነው የሚጠርገው?» ያለችኝ።

«ጓደኞችሽ ቦታ እያጸዱ ይሆናል» አልኳት፣ ራሴም ላምነው ፈልጌ።

ብዙም ሳንሄድ ከኋላችን ያለው ሰማይ ቡናማ ሆነ። ካርቱም የኖረ ሰው ሐቡብን ያውቃል፣ ያን ከምድር እስከ ሰማይ የሚቆም የአቧራ ግድግዳ፣ ግን ወቅቱ አልነበረም፣ ኢድሪስም ጠዋት «ሰማዩ ንጹሕ ነው» ብለው ነበር። እጇን አጥብቄ ያዝኩ፣ «ሩጪ» አልኳት፣ በዚያ እግሯም ሮጠች፣ ሐቡቡ ግን ደረሰብን፣ በጠራራ ፀሐይ ቀኑ ጨለመ፣ የገዛ እጄን አላየውም። አፌ አሸዋ ሞላ። በዚያ ተራራ ሐቡብ መንገድ ያሳታቸው ሰዎች ሬሳቸው እንኳ እንደማይገኝ ኢድሪስ አጫውተውን ነበር፣ እኔ ግን ያሰብኩት ሐጃን ነው፣ «አድርሰሽ መልሻት» ያሉኝን።

በዳበሳ ሄድን፣ መዳፌ የተካበ ድንጋይ ነካ። ግድግዳውን ተከትዬ ተከትዬ አንድ ባዶ ቦታ ላይ ደረስኩ፣ እግሬ ለስላሳ መድረክ ረገጠ፣ ደጃፍ ነው። አሁን ሞኝነቴን ተመልከቱ። እኛ አገር ሰው ቤት ዘው ብሎ አይገባም፣ ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይባላል፣ ከውስጥ እስኪመለስም ይጠበቃል፣ ይህን ያላደረገ ያልተገራ ነው። እና እኔ፣ ሞት ከኋላዬ እየገፋኝ፣ ከሞተ ስንት ዘመን ባለፈው ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ በለመደ አፌ፣ «ቤቶች!» አልኩ።

«ግቡ! ግቡ! ደጅ አትቁሙ!»

የሴት ድምፅ ነው፣ ያልቸኮለ፣ እንግዳ የለመደ። በአማርኛ፣ ያውም በእኛው አገር ቅላጼ፣ ያን ቅላጼ ደግሞ ከሌላ ጋር አላምታታውም። ገባን። እንደገባን የነፋሱ ጩኸት በር እንደተዘጋበት ሁሉ ራቀ። የእርጥብ አፈር ሽታ አፍንጫዬን መታው፣ እንግዳ ሲመጣ አቧራው እንዳይነሳ መሬቱ ላይ ውሃ ርጭት ሲደረግ የሚሸተው ሽታ። ተቀመጥን፣ ከታች ቀዝቃዛ ነበር። ጨለማው ውስጥ፣ በቀኜ በኩል፣ የጨርቅ መንኮሻኮሽ ሰማሁ፣ ሰው ከመቀመጫው ሲነሳ እንደሚሰማው፣ ከዚያ ያ ሸርር፣ አንድ ጊዜ ብቻ። አያተል ኩርሲን፣ ከክፉ ይጠብቃል የሚባለውን የቁርአን አንቀጽ፣ በልቤ ጀመርኩ፣ ከመሐሉ ጠፋብኝ፣ እንደገና ጀመርኩ። ኒዕማት ክንዴ ላይ ተለጥፋ ትተነፍሳለች። ሴትዮዋ ሁለተኛ አልተናገረችም።

ብርሃኑ እንደሄደ ሁሉ በድንገት ተመለሰ። ቀና ስል በላያችን ሰማይ ነው፣ ጣሪያ የለም፣ ኖሮም አያውቅም። ከደጁ ውጪ አሸዋው እስከ ጉልበት ተከምሯል፣ እኛ የተቀመጥንበት ግን ንጹሕ ነው፣ የመጥረጊያ ጭረት ይታያል፣ አፈሩም እርጥብ ነው፣ በእጄ ነክቼዋለሁ። ከሁለታችን በቀር ማንም የለም።

«ሴትዮዋ የት ሄደች?» አለች ኒዕማት።

«ምን አለችሽ?»

«'ተፈደሉ' ነዋ ያለችን፣ 'በር ላይ አትቁሙ' አለች፣ እንደ አያቴ፣ በሰሜን ሰዎች ዓረብኛ።»

ኒዕማት አማርኛ አታውቅም። እኔ የሰማሁትን ነገርኳት፣ ተያየን፣ ከዚያ፣ አልደብቃችሁም፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን በረርን።

ሌሎቹ አመሻሹ ላይ ደረሱ፣ ሐቡቡ ከመንገድ አስወጥቶ ከጉብታ ሥር አጋድሟቸው፣ ፊታቸው ዱቄት የተነፋበት መስሎ። ኡስታዝ እኛን ሲያዩ ቆሙ። «እናንተ ቀደማችሁን?» አሉ። ኢድሪስ ምን ያህል እንደፈሩልን የገባኝ፣ ሲያዩን ግመላቸውን ጥለው መሬት ላይ ሲሰግዱ ነው። ሲረጋጉ፣ «እዚህ የሚኖር ሰው አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ውሃ በሌለበት ማን ይኖራል?»

«ቅርብ ያለው ውሃስ?»

«ግመሎቼ ጀርባ ላይ ነው!» ብለው ሳቁ።

በማግስቱ ልኬት ተጀመረ። ሜትሩን እኔ ያዝኩ፣ ቁጥሩን እኔ አነበብኩ፣ ኒዕማት ጻፈች፣ ከተማሪዎቹ አንዱ «ሐበሺያዋ ታነባለች እንዴ?» ሲል «ከአንተ ይሻላል፣ ቅድም ዘጠኝን ስድስት ብለሃል» አለችው። ፀሐይ አናታችን ላይ ነበረች፣ እግሯ በነጠላዬ ቁራጭ ታስሮ እያነከሰች ክፍል በክፍል ሠራች፣ አንዱንም አልዘለለችም። ያችን ክፍል እስክናገኝ።

ደጃፏን አወቅነው፣ ያ ለስላሳ መድረክ አለ። ከመድረኩ ወዲያ ግን ክፍሉ እስከ ትከሻ በአሸዋ የተሞላ ነው፣ የትናንት አሸዋ አይደለም፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነው፣ መሐሉ ላይ አንድ የደረቀ እሾህ በቅሎበት ሥሩን ሰዷል። ሌላ ክፍል ይሆናል ብላችሁ እንዳታስቡ፣ ሁሉንም ዞረን አይተናል። ኒዕማት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ምን ልሣል?» አለችኝ። «ሜትሩ የደረሰበትን» አልኳት። ካርቱም ገብተን የኒዕማትን ቶብ፣ የምትከናነበውን ረጅም ልብስ፣ ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ከጫፉ የደረቀ ጭቃ ለቀቀ።

ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። እሷ ሥራዋን አስረከበች፣ ዐም ሐሰንም 'ባለቤት ያጣ ድንጋይ' ያሉትን ቃላቸውን ዋጡት፣ ማለቴ ደስ እያላቸው። የመመረቂያዋ ቀን፣ አዲሱ ምዕተ ዓመት ከገባ በኋላ ነው፣ እሳቸው ናቸው በጉን ያረዱት፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ይህቺ ባዩዳን በእግሯ ያቋረጠች ናት፣ የእኛ ደም ነው!» እያሉ ትሪ ተሸክመው የዞሩት። ሳሎኑ በእልልታ ይናወጣል። እኔም ማድ ቤት ሆኜ ብቻዬን እልል ብያለሁ።

ኒዕማት የዚያን ዕለት ጠዋት ሌላ የምሥራች ይዛ ነበር። ሥራ ተቀጥራለች፣ በሚመጣው የብርድ ወራት እዚያው ፍርስራሽ ሄደው ይቆፍራሉ፣ የሚጀምሩትም በአሸዋ ከተሞላው ክፍል ነው። ይህን ስሰማ እጄ ላይ ያለው ሳህን ከበደኝ። ሐጃ አይተውኝ ኖሮ ማድ ቤት ገብተው በሩን ገፋ አደረጉት፣ «ምን ሆንሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለሰው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።

ይሳለቁብኛል ብዬ ነበር። ስጨርስ የጠየቁኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ስትወጡ ተሰናበታችኋት?»

«ሮጠን ነው የወጣነው፣ ሐጃ።»

«የሰው ቤት ተጠልላችሁ፣ 'አላህ ይስጥልን' እንኳ ሳትሉ?»

ሐጃ በሩን ከፍተው ልጃቸውን ጠሯት፣ እሷም ከእልልታው መሐል እየሳቀች መጣች።

«ያ በቲ፣ ልጄ» አሏት፣ «ያችን ክፍል ስትከፍቱ፣ አካፋ ከመግባቱ በፊት ደጃፉ ላይ ቆመሽ ተጣሪ።»

ኒዕማት ወደ እኔ ዞረች። ሳቋ ከፊቷ ቀስ እያለ ጠፋ፣ አልተቆጣችኝም፣ እንዲያውም ሲጠብቁት የኖሩት ነገር ሲመጣ እንደሚሆነው ዓይነት ረጋ አለች።

«ማን ብዬ ልጥራ?» አለች።

ሐጃ እኔን አዩኝ፣ እኔም እሳቸውን አየሁ፣ ስሟን አልጠየቅናትም፣ ከሳሎን ዐም ሐሰን «ተመራቂዋ የታለች?» እያሉ ይጣራሉ።