የበግ ነጋዴው ዕድሜ

በኃይሉ በሞላሌ ገበያ የበግ ነጋዴ ነው። ወገቡንና ላቱን ዳብሶ፣ ቢላ ሳይነካው፣ የበጉን ስብ ይናገራል። ዕድሜውንም ከንፈሩን ገልጦ በጥርሱ ያውቃል፤ ሻጩ የሚለውን አይሰማም።

የራሱ ጉበት ስብ ይዟል ሲባል ግን ላብ አጠመቀው።

«ይቀደዳል እንዴ?» ሲል የክሊኒኩን የላቦራቶሪ ባለሙያ የምሥራችን ጠየቃት።

«አይቀደድም። ስቡ ጠባሳ ጥሎ እንደሆነ መጀመሪያ በደምዎ እንገምታለን። የሚወጡትን ቁጥሮች ከዕድሜዎ ጋር አሰላለሁ።»

«እንግዲያው ሙያዬን ነዋ የያዝሽው!»

ሳቀች። ስትስቅ ግራ ጉንጯ ይሰረጉዳል። «ዕድሜ?»

አርባ ሰባት ነበር። ጉንጯን አየ። «ሠላሳ አምስት።»

ቀና ብላ አየችው። እሱ ግድግዳውን አየ። ጻፈችው።

«አንድ ነጥብ አንድ» አለች በማግስቱ። «ከአንድ ነጥብ ሦስት በታች ነው። ለአሁኑ አያሰጋህም።» «እርስዎ» ማለቷም በዚያው ቀረ።

ወረቀቱን ለማሳየት ተመለሰ። ደግሞ ተመለሰ። ከሥራ ስትወጣ እስከ ቤቷ ይሸኛት ጀመር፤ ብዙ አያወሩም፣ ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት። «ጉበትህስ?» ስትለው ብቻ ጎኑን ይወጋዋል። ሊነግራት ይነሣና ስለ ገብስ ዋጋ ያወራል። ለንስሐ አባቱ እንኳ ሌላ ሌላውን ተናዘዘ።

በመጨረሻ ሽማግሌ ላከ። የክርስትና አባቱ አቶ ገሠሠ፣ አባቷ ፊት ቆመው ደረታቸውን ነፉ፦

«ልጃችን የበሰለ ነው። ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ዘንድሮ አርባ ሰባት ዓመቱ!»

የምሥራች ጓዳ ሆና ስልኳን አወጣች። ለመደወል አልነበረም። ያንኑ ደም በአርባ ሰባት አሰላችው። አንድ ነጥብ አምስት፤ ከአንድ ነጥብ ሦስት በላይ።

አባቷ ብቅ ብለው «ምን ልበላቸው?» አሏት።

«መጀመሪያ አዲስ አበባ ሄዶ ጉበቱን በመሣሪያ ይታይ በሏቸው።»

አቶ ገሠሠ ብዙ መልስ ተሸክመው ያውቃሉ፤ እንዲህ ያለ ግን አልገጠማቸውም።

በማግስቱ በኃይሉ የላቦራቶሪዋ በር ላይ ቆመ።

«እርስዎ ጥርስ ሳያዩ በግ ይገዛሉ?» አለችው፣ ወደ «እርስዎ» ተመልሳ።

«አልገዛም።»

«አያሰጋህም ብዬ የላክሁህ እኔ ነኝ። አንድ ነገር ብትሆንስ?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ጓንቷን አውልቃ እንደገና አጠለቀችው። «የእኔም ነው። የጆሮ ግንድህን ሽበት አይቼው ነበር። ሠላሳ አምስት እንዲሆን ስለ ፈለግሁ ጻፍሁት።»

አብረው አዲስ አበባ ሄዱ። ከምርመራው በፊት ሦስት ሰዓት ምግብ እንዳይቀምስ ነግራው ነበር፤ እሱ ከዋዜማው ጀምሮ ጾመ። ሦስቱ ሰዓት ለጉበቱ፣ የቀረው ለዋሸው ዕድሜ ነበር።

«ዕድሜ?» አለች የሆስፒታሉ ጸሐፊ።

የምሥራችን አየ። «አርባ ሰባት!» አለ፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ እስኪዞር።

አስተኝተው፣ በጎድን አጥንቶቹ መካከል መሣሪያውን አስደግፈው፣ ቆዳውን መታ መታ አደረጉት። ጉበት በጠባሳ ሲጠጥር በዚያ ይታወቃል።

«ጠባሳ ጀማምሮታል፤ ገና ነው» አለ ሐኪሙ። «ጮማው ይቀንስ፣ እርምጃው ይብዛ። በዓመቱ ተመለስ።»

ደጅ ሲወጡ በኃይሉ ወረቀቱን ሳያጥፍ ሰጣት። «ሽማግሌዎቹ ይመለሱ?»

ቁጥሩን አነበበች፣ ዕድሜውንም አነበበች።

«ይመለሱ» አለች። «አቶ ገሠሠ ግን እንዳይቀሩ።»