ደግ ደጉን

«ምን አለች?» አለች እናቷ፣ ዓይኗን ከሰፌዱ ላይ ሳታነሳ።

ኢየሩሳሌም ስልኩ ላይ ያለውን የእህቷን መልእክት ሁለቴ አንብባዋለች፤ ሦስተኛውን ጀምራ ነበር። የሸዋ ሮቢት እሁድ ከሰዓት እንደ ልማዱ ያቃጥላል። ሁለቱም ከማንጎው ጥላ ሥር ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። እናቷ እመቤት ለነጋዴ የማሾ ጥራጥሬ ትለቅማለች፤ ጠጠሩን በአንድ ወገን፣ ነቀዝ የበላውን በሌላ ወገን። ጣቶቿ ዓይን ያላቸው ይመስላሉ። ፊደል ግን አልቆጠረችም።

«እያነበብኩ ነው።»

«ለራስሽ ነዋ። ለእኔም አሰሚኝ እንጂ።»

ታላቅ እህቷ ፀደንያ መስከረም ላይ ስኮላርሺፕ አግኝታ ቱርክ፣ ኤርዙሩም የምትባል ከተማ ከሄደች ወዲህ እሁድ የመልእክት ቀን ነው። መደወሉንማ ሞክረውት ነበር። ግን ስልክ ሲደወል የግቢው ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፤ ሰላምታው ሳያልቅ ኔትወርኩ ይቋረጣል። ፀደንያ ደግሞ በሰው ፊት ከ«ደህና ነኝ» ሌላ ቃል አይወጣትም፤ ድምፄ ያሳብቅብኛል ትላለች። እመቤትም ብትሆን «ለማይመልስልኝ ዕቃ ምን ብዬ አወራለሁ» እያለች ድምፅ ቀድቶ መላኩን እምቢ ብላለች። ስለዚህ ፀደንያ በቴሌግራም ትጽፋለች፣ ኢየሩሳሌም ጮክ ብላ ታነባለች፣ እናታቸው መልሱን ታስጽፋለች። አባታቸው የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ እሁድ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው።

መጀመሪያ ኢየሩሳሌም አንዲት ቃል ሳታስቀር ነበር የምታነበው። ጥቅምት ላይ ግን ፀደንያ «እማዬ፣ ትናንት ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ አለቀስኩ» ብላ ጻፈች። እመቤት ያንን ሰምታ እንቅልፍ ባይኗ ሳይዞር አደረች፤ በማግስቱ ደም ብዛቷ ተነስቶ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ተወሰደች። ጎረቤታቸው እትዬ ሸዋዬ ኢየሩሳሌምን ወደ ጥግ ሳብ አድርገው፣ «አንቺ ልጅ፣ እናትሽን ልትገያት ነው? ደግ ደጉን አንብቢላት» አሏት።

የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እንዲህ ከተባለች ምን ታደርጋለች? ደግ ደጉን አነበበች። ደግ ያልሆነውን ዘለለችው። በኋላ በኋላ ደግ ነገር ሲጠፋ ከራሷ ትጨምር ጀመር፤ እውነቱን ለመናገር ሥራውን ተክናበታለች። ፀደንያ «በረዶው እስከ ጉልበቴ ይደርሳል፣ ጫማዬ ውሃ ያስገባል» ብትጽፍ፣ እናቷ የምትሰማው «አየሩ ተስማምቶኛል» የሚል ነው። «መምህሩ ቀልዶ ክላሱ ስቆ ከጨረሰ በኋላ ነው እኔ የሚገባኝ፤ ሙድ ይይዙብኛል» የሚለው «ጓደኞቼ ሳቂታዎች ናቸው» ሆነ። «በጾሙ ካፌው ውስጥ ከምስር ሾርባና ከዳቦ ሌላ የምበላው የለኝም» የሚለውም «ምግቡ እንደ ቤት ነው» ተብሎ ተነበበ። እመቤትም በሰማችው ልክ ታስጽፋለች፦ ተመስገን፣ በርቺ፣ ትምህርትሽን አጥኚ።

የዛሬው መልእክት አጭር ነው።

«ጄሪዬ፣ ይሄ ላንቺ ብቻ ነው። የቱርክኛ ቋንቋ ፈተናውን ወደቅኩ። ድጋሚ እፈተናለሁ፣ እሱስ ግድ የለም። ግን በርዶኛል ብዬ አራት ጊዜ ጻፍኩ፤ እማዬ አንድ ቀን እንኳን ለብሰሽ ውጪ አላለችኝም። ታመምኩ ስል በርቺ። አለቀስኩ ስል ተመስገን። የረሳችኝ መሰለኝ። ከሚቀጥለው እሁድ ጀምሮ አልጽፍም። ስትጠይቅሽ ደህና ናት በያት።»

ኢየሩሳሌም ስልኩን ገልብጣ ጭኗ ላይ አደረገችው። እመቤት በሕይወቷ የምታውቀው ብርድ የደብረ ሲናው ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ለክርስትና ሄዳ፣ ጋቢ ተውሳ አድራ፣ እስከ ዛሬ እንደ ጉድ ታወራዋለች። ልጅሽን በርዷታል ቢሏት ኖሮ በዚያ ቤት ሌላ ወሬ አይኖርም ነበር።

«ጄሪ፣ አንብቢልኝ እንጂ።»

አፏ ውስጥ አዲስ ወሬ ተዘጋጅቶላት ነበር፦ ፈተናውን አለፈች፣ ሰላም ብላሻለች፣ ሥራ ስለሚበዛባት ለጥቂት ጊዜ አትጽፍም። ልትናገር ስትል እመቤት ቀደመቻት።

«ተይው ግድ የለም። ደህና ነኝ ነው የምትለው፣ ሌላ ምን ትላለች» አለች፤ አንድ ጠጠር አውጥታ ወረወረች። «ደህና መሆኗማ ተመስገን ነው። ግን እንዲያው ሞኝነቴ ነው፣ አንድ ነገር ቢቸግራትና ብትጠይቀኝ እላለሁ። ሽሮ ላኪልኝ እንኳን ብላኝ አታውቅም። የማላስፈልጋት ሆንኩ መሰለኝ።»

ፀደንያ ሽሮ ላኪልኝ ብላ ጽፋ ነበር። ኅዳር ላይ። ሽሮ የሚጠይቅ ሰው ተርቧል ማለት ነው ብላ ኢየሩሳሌም ዘልላዋለች።

የተዘጋጀው ወሬ አፏ ውስጥ ቀረ። የእናቷን ፊት ለማየት አልደፈረችም፤ ጣቶቿን ነው ያየችው።

«ጠይቃሻለች» አለች።

ጣቶቹ ቆሙ።

«ሽሮና በርበሬ ላኪልኝ ብላ ነበር። አላነበብኩልሽም። ብርዱንም አላነበብኩልሽም። መታመሟንም። አለቀስኩ ካለች ወዲህ ያነበብኩልሽ ግማሹ የራሴ ነው። ደም ብዛትሽ እንዳይነሳ ብዬ ነው፣ እማዬ።»

ኢየሩሳሌም ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ ቁጣ ቢመጣ ይሻላት ነበር።

«ታማ ነበር?»

«ጉንፋን ነው። ሳምንት ተኝታ ነበር። አሁን ድናለች።»

«እኔ ምን ብዬ መለስኩላት?»

«በርቺ፣ አጥኚ።»

እመቤት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ደም ብዛቱም የኔ ነው፣ ልጅቷም የኔ ናት» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። «መሃል ማን አስገባሽ?»

«እትዬ ሸዋዬ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። ላለፉት አራት ወራት ስታነብ የነበረችው እትዬ ሸዋዬ አይደሉም። «ራሴ ነኝ የገባሁት» አለች።

«ክኒኔን አምጪልኝ። ከውሃ ጋር።»

ሮጣ አመጣችላት። እመቤት ክኒኑን ዋጠች፣ አፏን ጠረገች፣ ሰፌዱን ገፋ አድርጋ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች።

«በይ አሁን ከጥቅምት ጀምረሽ አንብቢ። ምንም ሳታስቀሪ።»

አነበበች። አንዳንዱ ቦታ ላይ እመቤት እጇን ታነሳለች፤ ያኔ ኢየሩሳሌም ቆም ትላለች፣ እጁ ሲወርድ ትቀጥላለች። ታኅሣሥ ላይ ሲደርሱ ግን እመቤት ያልታሰበ ሳቅ አመለጣት። ፀደንያ በረዶ ላይ ተንሸራታ፣ ሊይዛት የሞከረውን መምህር ይዛው ወድቃ ነበር። ኢየሩሳሌም ይህንንም የመውደቅ ወሬ ነው ብላ ዘልላው ኖሯል። ስንት ሳቅ አብሮ እንደቀረ ያን ጊዜ ነው የገባት።

የዛሬው መልእክት ላይ ሲደርሱ የማንጎው ጥላ ከሰሌኑ ላይ ሸሽቷል። ፀደንያ እንደምትቀየማት እያወቀች «ላንቺ ብቻ ነው» የሚለውንም አነበበችው።

ሲያልቅ ጣቷን ፊደሎቹ ላይ አዘጋጀች። «ምን ብዬ ልጻፍላት?»

እመቤት እጇን ዘረጋች። «አምጪው ስልኩን። በድምፅ የሚላከው የቱን ተጭነው ነው?»

ኢየሩሳሌም የማይክራፎኗን ምልክት አሳየቻት፤ የእናቷን አውራ ጣት ይዛ ምልክቷ ላይ አደረገችው። «ስትጨርሺ ብቻ ልቀቂው።»

ከዚያ ሰፌዱን ይዛ ሰሌኑ ጫፍ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠችና ጠጠር መልቀም ጀመረች። እናቷ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሰማች።

«ፀዲ፣ እኔ ነኝ» አለች እመቤት። «ለብሰሽ ነው የምትወጪው?»